ከሜዲካል በፊት፦ ሾፌር ዓይኑን በራሱ የሚፈትንበት መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንጃ ፈቃዴን ላድስ ሄድኩ። የጤና ቅጹን የሚሞላው ሰው ቀና ብሎ አየኝና «ታያለህ?» አለኝ። «አያለሁ» አልኩት። ጻፈ፤ ማኅተም መታ። የዓይን መለኪያው ሰሌዳ ከጀርባዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዞር ብሎ ያየው የለም። እኔም ቶሎ ስላለቀልኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ አንድ ማታ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር እየተመለስኩ ነበር። ከፊቴ መብራት የሌለው ጋሪ ይሄዳል። ያየሁት ባለቤቴ ከጎኔ «ጋሪ!» ብላ ከጮኸች በኋላ ነው። በማግስቱ በረንዳ ላይ ቆሜ ቀኝ ዓይኔን ሸፈንኩና በግራው የጎረቤትን የቤት ቁጥር ለማንበብ ሞከርኩ። ቁጥሩ ይቅርና በሩም ጭጋግ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ቀኙ ለሁለት ሲሠራ ኖሯል።

ስለዚህ ሜዲካል፣ ማለትም ለመንጃ ፈቃድ የሚጠየቀው የጤና ምርመራ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥና ደጅ የምትሠሩትን ፈተና ልንገራችሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሐኪም ምርመራ ግን አይተካም። የሚጠቅመው ሐኪሙ ዘንድ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ለማወቅ ነው። ደግሞም ሰሌዳ ማንበብ የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆሞ፣ በብርሃን፣ ፊት ለፊት ያለን ነገር አጥርቶ ማየት። የጎን እይታንና የማታን ጉዳይ ሰሌዳው አይነግራችሁም።

የምትፈልጉት፦ የግንበኛ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ጥቁር ማርከር፣ ነጭ ወረቀት፣ ቁራጭ ካርቶን፣ መርፌ እና የማያዝንላችሁ ሰው። የማያዝንላችሁ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወዳጅ ሲሆን «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ይላል።

አንደኛ፦ የታርጋ ፈተና

ይህ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። እዚያ መንጃ ፈቃድ ሊፈተን የመጣ ሰው መኪና ውስጥ ሳይገባ በ20 ሜትር ርቀት የቆመ መኪና ታርጋ እንዲያነብ ይደረጋል። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ ከነመነጽሩ ነው። ካላነበበ የዚያን ቀን ፈተናው እዚያው ያበቃል። ቀላል ነው፤ መሣሪያም አይፈልግም።

የእነሱ ታርጋ ፊደል 79 ሚሊሜትር ይረዝማል። የእኛ ታርጋዎች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ የቁጥሩን ቁመት በማስመሪያ ለኩ፤ በሴንቲሜትር ያገኛችሁትን በ2.5 አባዙት። የሚወጣው የምትቆሙበት ርቀት በሜትር ነው። 8 ሴንቲሜትር ከሆነ 20 ሜትር፣ 6 ሴንቲሜትር ከሆነ 15 ሜትር።

ርቀቱን በእርምጃ አትገምቱ። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው «ይኼ ሃያ ሜትር ነው» ብሎ የሚያሳየው ቢለካ አሥራ ሦስት ነው። የ5 ሜትር ሜትር ካላችሁ አራት ጊዜ ዘርጉት። ቦታው ጸጥ ያለ ይሁን፤ ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ እሑድ ጠዋት መኪኖች በዘንባባው ጥላ ስር ይቆማሉ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን፤ ፊታችሁ ላይ ካረፈች ጤነኛ ዓይንም ያጭበረብራል። የራሳችሁን መኪና ታርጋ አትጠቀሙ፤ በቃላችሁ ነው የምታውቁት።

ጎረቤቴ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ንስር ነኝ» እያለ መጣ። አቆምኩት። አንገቱን ወደ ፊት አወጣ፤ ዓይኑን አጠበበ። «ሰባት... አይ፣ አንድ ነው... ሦስት?» ትክክለኛው 7፣ 1፣ 8 ነበር። «ዓይንህን አታጥብብ» አልኩት። ሲከፍተው ሦስቱም ቁጥር ጠፋበት። ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። በቀን ስንት ሰው እንደሚጭን እያሰበ መሰለኝ።

ዓይን ማጥበብ ለምን እንደሚከለከል ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ፦ የቤት ሰሌዳ

ታርጋው በሁለት ዓይን ነው የሚነበበው። እኔን ያታለለኝም ይኸው ነው። አሁን አንድ በአንድ።

ሐኪም ቤት የምታዩት ከላይ ትልቅ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ ሰሌዳ መነሻው የሆላንዱ ሐኪም ሄርማን ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። እዚያ ላይ «6/6» ወይም «6/12» የሚባል ነገር ትሰማላችሁ። ላይኛው ቁጥር እናንተ የቆማችሁበት ርቀት ነው፤ 6 ሜትር። ታችኛው ደግሞ ጤነኛ ዓይን ያንኑ መስመር የሚያነብበት ርቀት ነው። ስለዚህ 6/12 ማለት ሌላው ሰው በ12 ሜትር የሚያነበውን እናንተ 6 ሜትር ላይ ቀርባችሁ ነው ያነበባችሁት። ታችኛው ቁጥር ባደገ መጠን እይታው እየደከመ ይሄዳል። «6/60 አወጣሁ» ብሎ ብዙ ነጥብ ያገኘ መስሎት የተደሰተ ሰው አውቃለሁ።

በእንግሊዝም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለቤት መኪና የሚጠየቀው ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ከፍቶ ቢያንስ 6/12 ማየት ነው፤ መነጽር ይፈቀዳል። እንግሊዞች ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ከበድ ያደርጉታል፤ ከሁለቱ የተሻለው ዓይን 6/7.5፣ ሌላው ቢያንስ 6/60። የሕዝብ ወይም የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያሰባችሁ ይህንኛውን ዓላማ አድርጉ። ለምድባችሁ እዚህ የሚጠየቀውን ደግሞ ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ መስኮት ጠይቃችሁ ጻፉት። «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» አይሠራም።

ሰሌዳውን እንዲህ ሥሩ። የላቲኗን «ኢ» ነው የምትስሉት። ፊቷን ወደ ላይ ስታዞሯት ሠን፣ ወደ ታች ስታዞሯት ጠን ትመስላለች፤ ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ በሏት። ወርዷም ቁመቷም 17.5 ሚሊሜትር ይሁን። እያንዳንዱ ጥርስ 3.5 ሚሊሜትር ይወፍር፤ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለው ክፍተትም 3.5። በማርከር ጥቁር አድርጋችሁ ሙሏት። ይህቺ በ6 ሜትር ላይ የ6/12 መለኪያ ናት። ለ6/7.5 መጠኗን 11 ሚሊሜትር፣ ለ6/6 ደግሞ 8.7 ሚሊሜትር አድርጉ። በትንንሾቹም የጥርሱ ውፍረት የጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነው። እጃችሁ የማይረጋ ከሆነ ኮምፒውተር ቤት አሳትሙና በማስመሪያ አረጋግጡ።

ክፍላችሁ 6 ሜትር የማይሞላ ከሆነ 3 ሜትር ላይ ቆማችሁ መጠኑን ሁሉ በግማሽ ቀንሱ። ግቢ ካላችሁ ግን ግቢው ይሻላል።

ወረቀቱን በዓይናችሁ ልክ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ብርሃን ይረፍበት። መስኮት ላይ አትለጥፉት፤ ብርሃኑ ከኋላው ይመጣና ያጠፋባችኋል። አንዱን ዓይን በመዳፋችሁ ሸፍኑ፤ በጣት አይደለም፤ በጣቶች መሃል ይሾልቃል። አትጫኑትም። የተጫናችሁት ዓይን ተራው ሲደርስ ለደቂቃዎች ይደበዝዛል፤ ከዚያ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። ረዳታችሁ ወረቀቱን እያዞረ «ጥርሷ ወዴት ነው?» ይበላችሁ። ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ከአምስት ጊዜ አራቱን ካገኛችሁ ዓይኑ ያንን መጠን ያያል። ሁለት ብቻ ካገኛችሁ እየገመታችሁ ነው።

ሦስተኛ፦ በመርፌ ቀዳዳ

እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ሁለተኛው ፈተና ላይ ለወደቀ ዓይን ብቻ ይሠራል።

ካርቶኑን በመርፌ ውጉት። ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ያህል ይሁን፤ የልብስ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ አሽከርክሩት። ደካማውን ዓይን በቀዳዳው አድርጋችሁ ያችኑ ማበጠሪያ ተመልከቱ። ጠራች? እንግዲያው ችግሩ በአብዛኛው በመነጽር የሚስተካከል ነው። ምንም ለውጥ የለም? ወይም ባሰባት? ከዚያ ሌላ ነገር መኖሩን ጠርጥሩ፦ ሞራ፣ የዓይን ብሌን ጠባሳ፣ ወይም ከኋላ ያለው የዓይን ክፍል። መነጽር ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀዳዳው የሚያስገባው ቀጭን የብርሃን ጨረር ብቻ ነው። ዓይን ጨረሩን በትክክል መሰብሰብ ባይችልም ምስሉ ብዙ አይበተንም። ዓይን ስናጠብብም የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ ሽፋሽፍታችን ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ሰሌዳ ፊት ዓይኑን የሚያጠብብ ሰው የሚፈተነው በተውሶ ዓይን ነው። ጎረቤቴም በቀዳዳው ሲያይ ትንሿን ማበጠሪያ ሳይቀር አገኛት። መነጽር ነበር የሚያስፈልገው።

ስለ ጠባሳው አንድ ነገር ልጨምር። አማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን እየጫረ ያጠፋል። ብዙ ሰው ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀለ ይኖራል። የተነቀለው ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ጭረቱም ይቀጥላል። ዓይናችሁን የሚቆረቁራችሁ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። ጠባሳ ሳይሆን በፊት መሄድ ነው።

አራተኛ፦ የጎን እይታ

ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት። አደባባይ ላይ አደጋ ፊት ለፊት አይመጣም፤ በጎን ነው የሚመጣው። ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ስትዞሩ ብስክሌተኛውን በመጀመሪያ የሚይዘው የዓይናችሁ ጥግ ነው።

ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ የሚሰርቀው ይህን ጥግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ አይቀላም። መሃሉን እስከ መጨረሻ ይተዋል። ስለዚህ ግላኮማ ያለበት ሰው ሰሌዳውን እስከ ታች አንብቦ፣ «ጥሩ ነው» ተብሎ፣ ሲወጣ በሩ ጠርዝ ላይ ሊጋጭ ይችላል። እንግሊዞች ከሾፌር ቢያንስ 120 ዲግሪ የአግድም እይታ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ዲግሪውን የሚለካው ሐኪም ቤት ያለ መሣሪያ ነው። ቤት ውስጥ ግን ይህን አድርጉ፦

ከረዳታችሁ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ በመካከላችሁ አንድ ሜትር ያህል ይኑር። እናንተ ቀኝ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ እሱ ግራውን። አሁን ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ማንም ዓይኑን አያንቀሳቅስ። እሱ ባዶ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ከሁለታችሁም እኩል ርቆ፣ ጣቱን እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ወደ መሃል ያምጣ። ጣቱን እንዳያችሁ «አየሁ» በሉ። ከላይ፣ ከታች፣ ከሁለቱም ጎን ይሞክር። የእሱ ዓይን ጤነኛ ከሆነ እኩል ነው የምታዩት። እሱ አይቶ እናንተ ደጋግማችሁ የምትዘገዩበት አቅጣጫ ካለ ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ ሌላውን ዓይን።

ይህ ሻካራ ፈተና ነው፤ ትንሽ ጉድለት ያመልጠዋል። ስለዚህ አርባ ያለፈው፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ በግላኮማ የታመመበት ሰው፣ ምንም ባይሰማው የዓይን ግፊቱንና ነርቩን ሐኪም ይይለት። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል።

አምስተኛ፦ ማታ

ለማታ የሚሆን የቤት ሰሌዳ የለኝም። ጥያቄ ነው ያለኝ። ከፊት የሚመጣ መብራት እንደ ፀሐይ ጨረር ተበትኖ ይታያችኋል? መኪናው ካለፈ በኋላ መንገዱ እስኪመለስላችሁ ትቆጥራላችሁ? ማታ የመንገዱን ጠርዝ ፍለጋ መሪው ላይ ትደፋላችሁ? አንዱ «አዎ» ከሆነ ለሐኪሙ በአፋችሁ ንገሩት። ቅጹ ላይ ሳጥን አይኖረውምና ካልተናገራችሁ አይጠይቃችሁም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። የአንድ ጭነት መኪና ረጅም መብራት ለሦስት ሰከንድ ካሳወራችሁ 50 ሜትር በጭፍን ነድታችኋል። በሐሙሲትና በወረታ መንገድ 50 ሜትር ውስጥ ጋሪ፣ በሬና ከገበያ የሚመለስ ሰው ይገባል።

ዓይን ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን የፊት መስታወታችሁን ከውስጥ በኩል ጥረጉት። ከውጭ ሁሌም ይታጠባል፤ ከውስጥ ያለውን የጭስና የአቧራ ስስ ሽፋን ማን ያየዋል? ማታ ልክ እንደ ሞራ ብርሃን ይበትናል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ከተማ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስትገቡ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታችሁ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። የማታ ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ መነጽርም ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ብራችሁን አስቀምጡ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ወንድ የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው፤ ከእናት በኩል የሚወረስ ነውና። ሐኪም ቤት በነጠብጣብ የተሠራ ቁጥር ያሳዩአችኋል፤ ጃፓናዊው ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ቆሞ በተሠራ የትራፊክ መብራት ላይ ቀዩ ከላይ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥም ለቤት መኪና ይህ አይከለክልም።

የሜዲካል ቀን

ሌሊቱን ተኝታችሁ ሂዱ። ከኮምፒውተር ወይም ከረጅም መንገድ ተነሥታችሁ ቀጥታ አትግቡ። የምትነዱበትን መነጽር ያዙ፤ አጠገቡም የድሮ የመነጽር ወረቀታችሁን።

የማንበቢያ መነጽር ለዚህ አይሆንም። ይህን የምለው በአጎቴ ምክንያት ነው። ከአዟሪ የገዛውን የማንበቢያ መነጽር አድርጎ ይነዳ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ለጋዜጣ ነው» ስለው፣ «ዓይን ዓይን ነው፤ ምን ለየው?» አለኝ። ለየው እንጂ። ያ መነጽር ቅርቡን ያጠራል፤ ሩቁን ግን ያደበዝዛል። ያለ መነጽሩ ሆኖ ታርጋ አስነበብኩት፤ በደንብ አነበበ። ከመነጽሩ ጋር አንድ ቁጥር አላገኘም። አሁን መነጽሩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው የሚነዳው።

ስኳር ያለባችሁ፣ ስኳራችሁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሳምንት የመነጽር ልክ አታስወስዱ። ስኳሩ ሲለዋወጥ ልኩም ይለዋወጣል። ጥር ላይ የተለካው የካቲት ላይ የሌላ ሰው መነጽር ይሆናል።

የሚመረምራችሁ ሰው ሰሌዳውን ዘልሎ ሊጽፍላችሁ ከሆነ በትሕትና «ዓይኔን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» በሉ። ያናድደው ይሆናል። እኔ ያኔ እንዲህ ብዬ ቢሆን ኖሮ ያን ጋሪ በጊዜ ባየሁት ነበር።

የዓይን ክሊኒክ ከተላካችሁ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወይም ራቅ ብሎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ማዕከል፣ መኪናችሁን ቤት ተዉት። ውስጡን ለማየት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሊያደርጉላችሁ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋል፤ ቅርቡ ይደበዝዛል። በባጃጅ ሄዳችሁ በባጃጅ ተመለሱ። ጥቁር መነጽር ብትይዙ ጥሩ ነው።

መነጽር ከታዘዘላችሁ ሁለት አሠሩ። አንዱ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረውን ዓይነት ሊሸጡላችሁ ከሞከሩ፣ መኪና ውስጥ ብዙም እንደማይጠቁር እወቁ። የሚያጠቁረው ጨረር አብዛኛው የፊት መስታወቱ ላይ ነው የሚቀረው።

በአዲስ መነጽር የመጀመሪያዎቹ ቀናት መሬቱ ዘመም ሊል፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከፍ ሊል ይችላል። ጎረቤቴ የመጀመሪያ ቀን ባጃጁን ሳያስነሣ በሰፈሩ ሁለት ጊዜ በእግሩ ዞረ፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ያለ ተሳፋሪ ነዳ። እንዲያ አድርጉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለሱና ሜትሩን ዘርግታችሁ ታርጋውን እንደ ገና አንብቡ። በአዲሱ መነጽር ካላነበባችሁ ወይ ልኩ ወይ አሠራሩ ተሳስቷል፤ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ወደ መነጽር ቤቱ ሂዱ።